ወገን የያዘ ተመራማሪ ይታመናል?

ጠያቂው፦ እንግሊዛዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አን ኦክሊ በረጅም የምርምር ዘመናቸው ፌሚኒስት መሆናቸውን ደብቀው አያውቁም። እኔን የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ሴቶች ተበድለዋል ብሎ የተነሣ ሰው በደል ባያገኝ ነበር የሚገርመው።

ነገረኛዋ፦ ከእሳቸው በፊት የነበረው ሶሲዮሎጂስ መቼ ገለልተኛ ነበር? ሥራ ሲባል ፋብሪካና ቢሮ ብቻ ነበር የሚታየው። ኦክሊ እ.ኤ.አ. በ1971 ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን 40 የለንደን እናቶች አነጋግረው የቤት ሥራን እንደ ማንኛውም ሥራ መረመሩት፤ ሰዓቱን፣ ድግግሞሹን፣ ብቸኝነቱን። በአማካይ በሳምንት 77 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱ ድሮም ነበረ፤ የሚቆጥረው ሰው ነው የጠፋው።

ጠያቂው፦ 40 ሰው! ያውም ሁሉም ከአንድ ከተማ። እሱስ ይሁን። በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን፣ እናት ለመሆን የተቃረቡ ሴቶች መልሰው ሲጠይቋቸው ይመልሱላቸው እንደነበር በኩራት ይናገራሉ። ተጠኚዋን እየመከረ የሚያጠና ሰው ውጤቱን አልነካሁም ሊል ነው?

ድርና ማግ፦ ወንድሜ፣ እስቲ አስበው። የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ሴት ስለ ምጥ ትጠይቃለች፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ተመራማሪ ደግሞ ወልዳ ታውቃለች። የጊዜው መማሪያ መጽሐፍ ያላሰበችበት አስመስላ፣ ራሷን ነቅንቃ እንድታልፈው ይመክራል። ይህ ገለልተኛነት ነው ማስመሰል? የሚያስመስልባትን ሰው ማን ሚስጥሩን ያዋየዋል?

ደግሞም ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። እኚሁ ሴት በ1980ዎቹ ከዚህ ቀደም ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ሕፃን የወለዱ 509 ነፍሰ ጡሮችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ አዋላጅ ነርሶች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እንዲያዳምጧቸው አደረጉ። እናቶቹ ወደዱት፤ በሕፃናቱ አማካይ ክብደት ላይ የታየው ልዩነት ግን ትንሽ ነበር። ኦክሊም ይህንኑ አሳተሙ። የሚፈልገውን ብቻ የሚያገኝ ሰው ዕጣ ያወጣል?

ነገረኛዋ፦ ለዚያም እኮ ነው አንዳንድ ፌሚኒስቶች የተቀየሟቸው። ቁጥርና ሙከራ የወንዶች መሣሪያ ነው ይባል በነበረበት ወቅት በዕጣ ለሚደረግ ሙከራ ጥብቅና ቆሙ። የእሳቸው ክርክር ቀላል ነው፤ ሐኪም በቅን ልቦና ብቻ ተማምኖ ያልተፈተነ ሕክምና ሲሰጥ ጉዳቱ የሚደርሰው በሴቲቱ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ፌሚኒዝም አላውቅም።

ጠያቂው፦ ሙከራውን እቀበላለሁ። 40ዎቹን ግን አሁንም አልተዋቸውም።

ነገረኛዋ፦ አትተዋቸው። 400 አድርገህ ድገመው፤ ወገን የለኝም የምትለውን ሰው መርጠህ ላከው፣ በሩን ማን እንደሚከፍትለት እናያለን።