ጌቲስበርግ ለአሻንጉሊት ወታደር ባዛር የሄደ ሰው አለ?

የለገሃሩ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ሰላም። አንድ ጥያቄ አለችኝ፣ አትሳቁብኝ።

ትንንሽ ወታደር እሠራለሁ። አዎ፣ የአሻንጉሊት ወታደር፣ ያውም ጎልማሳ ሰው ሆኜ። ከዚራ ሰፈር እኛ ቤት ብትመጡ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆ አታገኙም፤ በሙሉ እግረኛና ፈረሰኛ ነው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ብርጭቆ ከጎረቤት ትበደራለች። ቅርጹን በጂፕሰም አወጣለሁ። እርሳሱን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥቼ አቀልጣለሁ። ቀለሙ ደግሞ የጥፍር ቀለም ሳይቀር የተገኘው ነው።

አሁን የያዝኩት ዓድዋን ነው። ሙሉውን አይደለም፣ አቅሜን አውቃለሁ። ራስ መኮንን ከሐረር ይዘውት የዘመቱትን ጦር ብቻ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማሳየት ነው የምፈልገው። ሰው ይወጣልኛል፤ ፈረስ ግን እምቢ አለኝ። ምንም ብጠበብበት አህያ ነው የሚሆነው።

ለክረምት እህቴ ሜሪላንድ ጠርታኛለች። ቪዛውም ተመቷል፣ እግዜር ይመስገን። ከሷ ቤት ብዙም ሳይርቅ ጌቲስበርግ የሚባል የድሮ ጦር ሜዳ ያለበት ከተማ አለ፤ እዚያ በምሆንበት ሰሞን የአሻንጉሊት ወታደር ባዛር አለ ብላኛለች። ችግሩ እህቴ የምታርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው። በአንድ ቅዳሜ ጦር ሜዳውም ባዛሩም ይደረስበታል? አንዱን ልተው ካልኩስ የቱን? የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ጨለንቆ መንገድ፦

አቦ፣ ጦር ሜዳ ፍለጋ ውቅያኖስ ማቋረጥ! ደንገጎን ውጣ፣ ወደ ቁሉቢ ታጠፍ፣ ቁሉቢን እለፍ፣ ጨለንቆ ናት። የሐረሩ አሚር አብዱላሂና ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. የተዋጉባት። መኮንን የሐረር ገዥ ሆነው የተሾሙት ከዚያ ውጊያ በኋላ ነው። የአንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጦር ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው እኮ። ለወደቁትም መታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ለገብርኤል ንግሥ ቁሉቢ ድረስ በየዓመቱ ትሄዳለህ፤ ትንሽ ቀጥለህ ጨለንቆ ወርደህ ግን አታውቅም ብል አልሳሳትም።

በድሮ በሪ፦

ወርያ ጨለንቆ መንገድ፣ ለሰውዬው ቪዛ ተመቶለታል፣ ተወው ይሂድ። ጨለንቆ የትም አትሄድም። እሷንም ማየት አለበት ያልከው ግን ልክ ነው።

የለገሃሩ፣ እኔ የጁገል ልጅ ነኝ፣ አሁን ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ጌቲስበርግ ከኛ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ፔንሲልቬኒያ ገባ እንዳልክ። በአንድ ቅዳሜ ይያዛል። ግን ቅደም ተከተሉን አታዛባው። መጀመሪያ ባዛር፣ ከዚያ ጦር ሜዳ።

ለምን መሰለህ? ጦር ሜዳው አይሸጥም፣ እዚያው ነው። ባዛር ላይ ደህና ደህናው ዕቃ በር በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ያልቃል። አዳራሹ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛ ነው፤ ከኋላው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አይተህ ዋጋ እንዳትጠይቅ፣ ትደነግጣለህ። አንተ ጎንበስ በል። ጠረጴዛው ሥር ካርቶን አለ። እዚያ ውስጥ ጭንቅላት የሌለው የጦር መኮንን፣ ጋላቢ የሌለው ፈረስ፣ እጁ የተቆረጠ ጥሩምባ ነፊ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ ተጥሏል። ሰብሳቢ አይፈልገውም፣ ስለዚህ በርካሽ ይሸጡታል። ላንተ ግን ወርቅ ነው። ፈረስ የምታገኘው ከዚያ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን መጠኑን ወስን። የድሮዎቹ አብዛኞቹ 54 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሰውየው ቁመት ማለት ነው። የዛሬ የጦርነት ጨዋታ ተጫዋቾች ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ይወዳሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጦር ስለሚያሰልፍላቸው። ሁለቱን ከቀላቀልክ ራስ መኮንን ፍየል ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ።

ስለ እርሳስ ያልከው አላማረኝም፣ ሳልናገር አላልፍም። የባትሪ እርሳስ ቤት ውስጥ አታቅልጥ። አሲዱ አለ፣ ብናኙ አለ፣ ከውስጡም ከእርሳሱ ጋር ሌላ መርዝ ይወጣል። ልጆች ካሉህማ በፍጹም። እንግሊዞች እንኳ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የእርሳስ አሻንጉሊት አቁመው ወደ ፕላስቲክ ዞረዋል። ለሬዲዮ ጠጋኞች የሚሸጠው እርሳስ የሌለበት መበየጃ ይሻልሃል፣ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፣ በቀላሉ ይቀልጣል። ጂፕሰሙም በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ካለው የቀለጠው ተፈናጥሮ ፊትህ ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ቡፌህ። የተዘጋ እንጨት ቤት ውስጥ የቆየ እርሳስ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲዳማ እንፋሎት ነው የሚያደርገው። እንጨቱ ወይራም ይሁን ዋንዛ፣ አልፎ አልፎ ክፈተው፣ ይናፈስ። የሚስትህም ብርጭቆ ቦታውን ያገኝ ነበር።

ባዛሩ ላይ አንድ ነገር ብታይ ደስ ይለኛል። ብሪትንስ የሚባለው የለንደን ፋብሪካ፣ እርሳሱን ቅርጽ ውስጥ አፍስሶ ዳር ዳሩ ሲረጋ የመሃሉን መልሶ በማፍሰስ ወታደሩን ባዶ ሆድ ያደረገው ነው፤ በ1893 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ቀለለ፣ ረከሰ፣ በዓለም ተሸጠ። ይሄው ፋብሪካ ጣሊያን እኛን በወረረበት ሰሞን የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛ ሠርቶ ሸጧል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ አየኋቸው፣ ከነካርቶናቸው። ዋጋቸውን ሲነግረኝ ሳቅሁና ሰውየው አብሮኝ ሳቀ። «አገሬ ነው» ስለው ግን ከካርቶኑ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። አልገዛሁም፣ ግን ይዤ ቆየሁ።

አሁን ወደ ጦር ሜዳው። እዚያ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑና የደቡቡ ጦር ሦስት ቀን ተፋጀ። የሞተ፣ የቆሰለ፣ የተማረከና የጠፋ ተደምሮ ወደ 51,000 ሰው ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መጥቶ ያቺን አጭር ንግግሩን ያደረገው መቃብሩን ለመመረቅ ነው። ሜዳውን ለማየት አይከፈልም። ሙዚየሙና በውስጡ ያለው ክብ ሥዕል ግን ይከፈልባቸዋል፤ ሥዕሉ መሃል ቆመህ በዙሪያህ ጦርነቱ ሲካሄድ ታያለህ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብትይዝ የእህትህን መኪና ራሱ እየነዳ ያዞራችኋል፣ እህትህም ታርፋለች። ሐውልት ላይ ጊዜ አታጥፋ፤ ከ1,300 በላይ ነው፣ አታልቀውም።

አንተ የምታየው ሐውልት አይደለም፣ መሬቱን ነው። ሊትል ራውንድ ቶፕ የምትባል ጉብታ አለች። ከሩቅ ስታያት ምንም አይደለችም፣ የድሬ ዙሪያ ተራራ ይንቃታል። ላይዋ ላይ ስትወጣ ግን ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደሞተላት ይገባሃል። ሜዳው በሙሉ እግርህ ሥር ነው። ከዚያ በሦስተኛው ቀን የደቡቦቹ ጦር፣ ወደ 12,500 ሰው፣ የተሻገረውን ገላጣ ሜዳ በእግርህ ተሻገረው። ከሩቅ ልሙጥ ይመስላል። ስትሄድበት ግን ሰው የሚሰወርበት ዝቅታ አለው፣ ከዚያ ከፍ ሲል መድፉ ፊት ለፊትህ ነው። ይሄን ከፎቶ አታገኘውም።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው ስለ ዓድዋ ብዬ ነው። ዓድዋን መሬቱን ሳትሠራ ወታደር ብቻ ብትደረድር ሰልፍ እንጂ ጦርነት አይሆንልህም። ጣሊያኖች የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተለያዩት እኮ በመሬቱ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ የሰጠው ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለችው ኮረብታ ትክክለኛዋ አልነበረችም። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልበርቶኔ ትክክለኛዋን ብሎ ኪሎ ሜትሮች ቀድሞ ሄደ፣ ብቻውን ቀረ፣ የኛ ሰዎች ጧት ላይ ወረዱበት። ተራሮቹና በመሃላቸው ያለው ርቀት ከሌለ ይሄ ከየት ይታያል? ስለዚህ ጌቲስበርግ ከተማ ውስጥ ያለውን ትልቅ ዲዮራማ፣ ማለትም የጦር ሜዳውን ትንሽ ሞዴል፣ እየው። በእጅ ቀለም የተቀቡ 20,000 ትንንሽ ወታደሮች ናቸው። እኔ ግን ወታደሮቹን ትቼ ሳሩን፣ አጥሩን፣ የድንጋይ ካቡን እንዴት እንደሠሩት ነው ያየሁት። ወታደሩን ጣታቸው የለመደ ሰው ሁሉ ይሠራዋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ በጭቃ የተሠሩ የድመት ወታደሮች ያሉበት ትንሽ ሙዚየም አለ። አዎ፣ ድመት፤ የሰሜኑም የደቡቡም ጦር በሙሉ ድመት ነው። ለእህትህ ልጆች ይሆናል።

የለገሃሩ ልጅ፦

አንተ ልጅ፣ እድሜ ይስጥህ። የቡፌውን ነገር ባለቤቴ አንብባ «በድሮ በሪ ቤታችን ይምጣ» ብላለች። ባትሪውን ትቻለሁ፣ መበየጃውን ነገ አስጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ የነሱ ፈረሰኛ ቦት ጫማ ነው ያደረገው። ፈረሱን ከነሰውየው ብገዛና ሰውየውን ብቀይረው አያዋጣም?

ዘነበወርቅ (ሐረር)፦

ወንዶች ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ እዚች ላይ ግን ልግባ። አባቴ ፈረስ ጋላቢ ነበር። የኛ ሰው የድሮው እርካብ ላይ እግሩን ሙሉ አይከትም፣ በአውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚይዘው። እርካቡም ትንሽ ቀለበት ናት። የአሜሪካኑ ሰፊ ነው፣ ለቦት ጫማ የተሠራ። ሰውየውን ቀይረህ ለምድና ጎፈር ብታለብሰው እንኳ እርካቡ እንደነበረ ከቀረ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይስቅብሃል። ጋሻውን ደግሞ በግራ አድርገው፣ እንዳትረሳ።

በድሮ በሪ፦

ዘነበወርቅ፣ አንቺ የት ነበርሽ እስካሁን! ይቺን እኔም አላሰብኳትም።

የለገሃሩ፣ እንግዲያው ከነጋላቢው አትግዛ። ባዶ ፈረስ ፈልግ፣ ኮርቻው ከፈረሱ ጋር አብሮ ያልተቀረጸ። ካጣህ እርካቡን በቀጭን ሞረድ አንሳውና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ቀለበት አድርገህ ተካው። ከድሬ ስትነሳ የራስህን አንድ እግረኛ በጥጥ ጠቅልለህ ኪስህ ውስጥ ያዝ፤ ባዛሩ ላይ ፈረስ ባነሳህ ቁጥር ከጎኑ አቁመህ ለካው። ስትመለስ ፈረሶቹን በእጅ ሻንጣ ያዛቸው፤ ጭነት ውስጥ ከገቡ እግራቸው አይተርፍም። የድሮ እርሳስ ከነካህ በኋላ ደግሞ እጅህን ሳትታጠብ ምሳ እንዳትበላ። እህትህን ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት አስነሳት። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማለትም በነሱ ዘጠኝ ላይ፣ በሩ ጋ መሰለፍ አለባችሁ። ቀኑ ሲደርስ ጻፍልኝ፣ ከተመቸኝ እዚያው አዳራሹ ውስጥ እንገናኛለን።