ድንገተኛ ብልጭታና ተንሳፋፊ ነጠብጣብ፦ መጠበቅ ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሩቅ ማየት ለሚቸገር ባለ መነጽር ሰው፣ በአንድ ዓይኑ በድንገት ብልጭታና ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች ቢታዩት፣ ቀጠሮ መጠበቅ ይችላል?

መልስ 1፦ በፍጹም! በዚያው ቀን ይመርመር። ዓይንን የሞላው ዝልግልግ አካል ከሬቲና (ከዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ሲላቀቅ ሬቲናውን ሊቀደው ይችላል። በቀዳዳው ፈሳሽ ከሰረገ ሬቲናው ራሱ ይነሳል፤ ያኔ ከጠርዝ በኩል ጥላ እንደ መጋረጃ ይመጣል። ሕመም ስለሌለው ብዙ ሰው ይዘናጋል፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ለምርመራው ብሌን በጠብታ ስለሚከፈት እይታ ለሰዓታት ይደበዝዛል፤ መኪና አይንዳ።

መልስ 2፦ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ዙሪያው በሌዘር ይታሸጋል፤ ጠባሳው እስኪጠነክር 2 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሬቲናው ከቦታው ከተላቀቀ ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

መልስ 3፦ በቀዶ ሕክምናው ዓይን ውስጥ ጋዝ ከተሞላ፣ እስኪጠፋ ድረስ አውሮፕላን ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ ጋዙ ሰፍቶ የዓይን ግፊትን ያንራል። ሌላ ቀዶ ሕክምና ካጋጠመም ለማደንዘዣ ሰጪው ይንገር፤ ለማደንዘዣ የሚሰጠው ናይትረስ ኦክሳይድም በዓይን ውስጥ ያለውን ጋዝ ያሰፋዋል።