ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ ሳለ ድሃው ለምን ይርቀዋል?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ውስጥ ነው። በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ እናት አሉ፤ ወደ ከተማችን የመጡት በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከቀያቸው ተፈናቅለው ነው። ዓምና ደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱ ተነግሯቸው መድኃኒት ታዘዘላቸው። ይሁን እንጂ ክኒኑን የሚውጡት ራሳቸውን ባመማቸው ቀን ብቻ ነው። ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ሲያሳዩኝ በላስቲኩ ውስጥ የቀሩት አራት ክኒኖች ነበሩ፤ ሁለቱ በምላጭ ለሁለት ተከፍለዋል። «ሙሉ ሙሉውን ከዋጥኩማ ቶሎ ያልቅብኛል» አሉኝ።

ጤና ጣቢያው ከግቢያችን በእግር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ስጠይቃቸው መታወቂያ ስለሌላቸው መመዝገብ እንዳልቻሉ ነገሩኝ። እኚህን ሴት ከሕክምና ያራቃቸው በትክክል ምንድን ነው? እኛ ጎረቤቶቻቸውስ ምን ልናደርግ እንችላለን?

የመጀመሪያ መልስ፣ ከደሴ፣ ጤና ባለሙያ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እኔም በየቀኑ የማየው ነገር ነው። በቅድሚያ ስለ ክኒኑ ልናገር። ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት ሳይሰጥ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ፣ ራስ ሲያም ብቻ እየተዋጠ የሚታከም አይደለም። ክኒኑን መክፈልም ሆነ ቀን መዝለል ባለሙያ ሳያውቀው መደረግ የለበትም፤ እባክሽ ይህን ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ግፊታቸውንም በዚሁ ሳምንት ያስለኩ።

ሰው ግን ይህን ስላላወቀ ብቻ አይቀርም። የእናቶችና የሕፃናት ክትትል፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡ ናቸው። ደም ግፊትና ስኳር ግን ከነዚህ ውስጥ ስላልሆኑ፣ መድን የሌለው ታካሚ ለካርዱም፣ ለምርመራውም፣ ለመድኃኒቱም ከኪሱ ይከፍላል። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት በጠፋ ቀን ደግሞ «ከውጭ ግዙ» ከማለት በቀር አማራጭ የለንም። ጉልት የምትሸጥ እናት ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥታ፣ ካርድ አውጥታ፣ ተራ ጠብቃ፣ ሲመሽ ወረቀት ብቻ ይዛ ስትመለስ የቀኑ ገቢዋም አብሮ ይቀራል። በሚቀጥለው ወር በቀጠሮዋ ባትመጣ ልፈርድባት አልችልም።

ሁለተኛ መልስ፣ ከደሴ፣ የእድር ጸሐፊ

ባለሙያዋ ያሉት እውነት ቢሆንም፣ ከካርድ ክፍሉ በፊት ያለውን በር አላነሡትም፤ እሱም ቀበሌ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሙከራ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። አሠራሩ ቤተሰብን በአባወራ ወይም በእማወራ ስም መዝግቦ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ መሰብሰብ ነው። ለመመዝገብ ነዋሪነት ሲጠየቅ፣ መታወቂያ ለማውጣትም ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው መሸኛ ከየት ያምጣ? አከራይም ቢሆን ተከራዩን በስሙ ለማስመዝገብ ብዙ ጊዜ ይፈራል።

መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ የሚመረጡትም በቀበሌው ነዋሪ ፊት ነው። ሆኖም በዚያ ስብሰባ ላይ ስሙ የሚነሣው በሰፈሩ የሚታወቅ ሰው ነው። በእኛ እድር አንድ ዓመት ስም ዝርዝር ስናቀርብ ተከራዮችን በሙሉ ረስተናቸው ነበር፤ ክፉ ልብ ኖሮን ሳይሆን ከእኛ ጋር ቀብር ወጥተው ስለማያውቁ ነው። ይህን ጥፋት ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ስለዚህ እህቴ፣ ምዝገባው ሲከፈት አንቺና አከራያችሁ ምስክር ሆናችሁ አብራችኋቸው ቀበሌ ሂዱ። ሴትየዋን ብቻቸውን አትላኳቸው።

ሦስተኛ መልስ፣ ከኩታበር

ለከተማው ሰው ርቀት ችግር ላይሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ዛሬም የመጀመሪያው ችግር ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት አንድ ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች ይዞ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። እነዚያ ልጆች ክረምት ከበጋ በእግራቸው ዳገት ወጥተው ቤት ለቤት ሲያስተምሩና ሲከትቡ ኖረዋልና ውለታቸው አይረሳኝም። ነገር ግን ምጥ የጠናባት ሴት ከጤና ኬላ ወደ ላይ መላክ አለባት። ሐምሌ ላይ የወንድሜን ሚስት በቃሬዛ ተሸክመን ስንወርድ፣ አምቡላንሱ ጭቃው ይዞት ከመንገዱ ዳር እየጠበቀን ነበር። አራት ሰው ፊትና ኋላ እየተቀያየርን፣ ድንጋዩ እያንሸራተተን፣ ሦስት ሰዓት ተጓዝን። እሷ ተርፋለች፤ ልጁ አልተረፈም።

የጠያቂዋ ምላሽ፣ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ ለሕፃኑ ኀዘን እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ትናንት እኚያን እናት ይዣቸው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ልጄ ጉልታቸውን ስለጠበቀችላቸው የቀኑ ገበያ አላለፋቸውም። ግፊታቸው 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። የወር መድኃኒታቸውን የግቢው ሰዎች አዋጥተን ገዛን። የቀበሌውን ጉዳይ በተመለከተ አከራያችን መጀመሪያ ቢያመነቱም፣ የእድሩ ጸሐፊ የጻፉትን ካነበብኩላቸው በኋላ ሰኞ ጠዋት አብረውን ለመሄድ ተስማምተዋል። በመሸኛ ፋንታ የሦስት ነዋሪዎች ምስክርነት ተቀባይነት ያገኘበት ቀበሌ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከሰኞ በፊት ብትጽፉልኝ ይጠቅመናል።