ሁለት ቀን በሐረር ጀጎል፦ ከአባቴ ጋር የት እንሂድ፣ ምን እንብላ፣ ማታስ የት እንቀመጥ?

ጥያቄ፦ ከ«ተጓዧ»

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ወር ከአባቴ ጋር ሁለት ሙሉ ቀን በሐረር ለማሳለፍ አስበናል። አባቴ በወጣትነታቸው ለጥቂት ዓመታት እዚያ ሠርተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተመልሰው አላዩአትም። አሁን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውም ዳገት ላይ ያስቸግራቸዋል። እኔ በበኩሌ ከተማዋን የማውቃት እርሳቸው ሲያወሩ በመስማት ብቻ ነው።

በግንብ የተከበበችውን የአሮጌዋን ከተማ የጀጎልን ታሪካዊ ስፍራዎች ማየትና የአገሩን ምግብ መቅመስ እንፈልጋለን። አባቴ ደግሞ «ሐረር ተቀምጬ ሐረር ቢራ ካልጠጣሁ ሄድኩ አልልም» ስለሚሉ፣ ምሽት ላይ ጫጫታ የማይበዛበት መጠጫ ቤት ብናገኝ ደስ ይለናል። ከየት በኩል ብንጀምር መንገዱ ይቀልላቸዋል? አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ከተማ መጠጥ መጠጣት ሰውን ያስቀይም ይሆን? አስጎብኚ መያዝስ የግድ ነው? የምንመጣው እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ነው።

መልስ፦ ከ«የጀጎል ልጅ»

እንኳን ደኅና መጡልን። ተወልጄ ያደግኩት ግንቡ ውስጥ ነው። ጀጎል ስፋቷ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ነገር ግን በዚያች ስፋት ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካነ መቃብሮችና የዚያራ ስፍራዎች አሉ፤ ከ360 የሚበልጡት መተላለፊያዎችም ብዙዎቹ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ካልሆነ የማያሳልፉ ናቸው። ስለዚህ ሁሉን አያለሁ ብሎ የተነሣ እንግዳ ማታ ላይ የሚተርፈው የእግር ሕመም ነው።

ዋናው ምክሬ በሰዓት እንዲመሩ ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ድረስ ገበያው፣ ሙዚየሙና ቡና ቤቱ ሁሉ ክፍት ነው። ከምሳ በኋላ ግን ከተማው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሱቁ ክፍት ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ምንጣፉ ላይ ተደግፎ ነው የሚያገኙት። በዚያ ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ አባትዎን ያሳርፉ። ዓርብ ከሆነ ደግሞ ለጁምዓ ሶላት ቀትር ላይ ብዙው ነገር እንደሚዘጋ አስቀድመው ያስቡ።

ስለ ጉልበታቸው፦ ከተማዋ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምታዘቀዝቅ መንገዱን ከላይ ወደ ታች ያድርጉት። መኪና በሚያስገባው ሐረር በር በኩል በባጃጅ ገብታችሁ ፈረስ መጋላ ውረዱ። መጋላ ማለት ገበያ ነው፤ ስሙ ፈረስ ይሸጥበት ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ከአደባባዩ በመኪና ግርግር በኩል በእግር ወደ ታች ሂዱ። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሲሆን፣ ስሙ የስፌት መኪናውን ድምፅ የሚያስመስል ነው፤ አባትዎ የተበጠሰ ቁልፍ ካላቸው እዚያው ቆመው ያሰፉታል። መንገዱ ግድር መጋላ ያደርሳችኋል፤ እዚያ ቅመሙን፣ ሥጋውን፣ ከሰማይ እየተወረወረ ከሥጋ ሻጮች ላይ ቁራጭ የሚሞጨልፈውን ጭላት ታያላችሁ። ሲጨርሱ ዳገቱን በእግር አይመለሱ፤ እስከ ሰፊው መንገድ ድረስ ወጥተው ባጃጅ ይያዙ።

መልስ፦ ከ«የድሬ ሰው»

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል ያልፋል። ለአባትዎ ምቾት ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ ተኮናትሮ፣ ዋጋውንም ሳይሳፈሩ ተስማምቶ መሄዱ ይሻላል። ድሬዳዋ ሲወርዱ ሙቀቱ ስለሚያዘናጋችሁ ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ ቀብራችሁ አትምጡ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች ምሽቱ ይቀዘቅዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉዟችሁ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 አካባቢ ከዋለ፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ በሁለቱም ከተሞች አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። በረመዳን ከሆነ ደግሞ ቀን ቀን ጀጎል ውስጥ የሚበላ ነገር መፈለግ አድካሚ ነው፤ ከአፍጥር በኋላ ግን እንደዚያ ያለ ደማቅ ምሽት የለም።

መልስ፦ ከ«የታሪክ መምህር»

ከላይ የተሰጠው የመንገድ ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ቦታዎቹን ስታዩ ምን ማስተዋል እንዳለባችሁ ነው።

ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዘመኑም ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሞት በኋላ ከተማዋ ከየአቅጣጫው የምትጠቃበት 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበር። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው። ሐረሪዎች ለአምስቱ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ ለምሳሌ ሸዋ በርን አስማዲን በሪ ይሉታል። ለአባትዎ አንዱን በር በደንብ ማየት ይበቃል፤ እኔ ብሆን ከውጭ ያለው ገበያ ሞቅ ያለውን ሸዋ በርን እመርጣለሁ።

ከሙዚየሞቹ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየምን ምረጡ። ሕንፃው የራስ ተፈሪ ቤት በመባል ይታወቃል፤ ስብስቡም አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ለብዙ ዓመታት ያሰባሰቧቸው የብራና ቁርአኖች፣ ሐረር በራሷ ስታስመታቸው የነበሩ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና አልባሳት ናቸው። ጥቂት ዕርምጃ አለፍ ብሎ የሚገኘው «የራምቦ ቤት» ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ኖረበት እየተባለ የሚጎበኝ ነው። ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሥራ ሐረር መግባቱ፣ በ1883 ዓ.ም. ደግሞ እግሩን ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕር ዳርቻ መወሰዱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ይህ ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ በአንድ የሕንድ ነጋዴ የተሠራ እንደሆነ ይታመናል። ይህን ያወቀ ጎብኚ ቅር ሊለው አይገባም፤ የድሮዎቹ የሐረር ፎቶግራፎችና ከፎቁ የሚታየው የከተማዋ ጣሪያ ብቻ የመግቢያውን ዋጋ ያወጣሉ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ገብታችሁ ሳትቀመጡ እንዳትመለሱ። ጌ ጋር ይባላል። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች ታያላችሁ፤ የትኛው መደብ ላይ ማን እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተወሰነ በመሆኑ ባለቤቶቹ እስኪያመላክቷችሁ ጠብቁ። መደቡ በቀይ አፈር የሚቀባው በ1879 ዓ.ም. ሐረሮች ከምኒልክ ጦር ጋር በተዋጉበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ከደጃፉ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ ቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለችው ምልክት ነው።

መስጊዶቹን ከውጭ ብቻ እዩ፤ ጃሚዕ መስጊድ ሙስሊም ላልሆነ ሰው አይፈቀድም።

መልስ፦ ከ«ሆድ አደሩ»

እስካሁን ስለ ግንብ ብዙ ተባለ፤ ስለ ሆድ የሚናገር ስለጠፋ ልግባ። ቁርስ ፉል ይሁን፣ ካልሆነም ፈጢራ በማር። ከዚያ ግድር መጋላ አካባቢ የሚጠበሰውን የግመል ሥጋ ሳምቡሳ ትኩሱን ብሉ፤ የቆየ ከሆነ ተዉት። ሁልባት መረቅ የሚባለውን የአብሽ ሾርባ የምታገኙት ከምግብ ቤት ይልቅ ሰው ቤት ወይም በጌ ጋር ማረፊያዎች አስቀድማችሁ ካዘዛችሁ ነው። ቡናን በተመለከተ፣ የሐረር ቡና በዓለም ቢታወቅም አገሬው ከፍሬው ይልቅ የቡናውን ቅጠልና ገለባ የሚያፈላበት ልማድ አለው፤ ቁጢ የሚባለውን የቅጠል መጠጥ በወተት ለምኑ። ስትመለሱ ሐልዋ ሳትገዙ ብትወጡ ዘመድ ይቀየማችኋል።

አሁን ወደ አባትዎ ጉዳይ። ቢራ መጠጣት ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ጠርሙስ ይዞ በመስጊድ ደጅ ማለፍ ወይም ስካርን በጠባብ መንገድ ላይ ማሳየት ነው። ግሮሰሪዎቹ የሚገኙት በፈረስ መጋላ ዙሪያና ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ሲሆን፣ ከውጭ ያሉት ሰፋ ያለ ግቢና ጥብስ ስላላቸው ለሽማግሌ ይመቻሉ። ቢራ ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሄኒከን ገዝቶታል። እንግዲህ አባትዎ ከዚያ በፊት ሐረር ከነበሩ፣ ያን ጊዜ የጠጡት ሌላ ቢራ ነበር ማለት ነውና ቀስ ብለው ይጠይቋቸው! አልኮል የማይጠጣ ሰው አብሯችሁ ከተቀመጠ ከዚሁ ፋብሪካ የወጣውን ከአልኮል ነፃ መጠጥ ሶፊን ይጋብዙት።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«ተጓዧ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ የቢራውን ዓመተ ምሕረት ሳነብላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያው ሌላ ቦታ ይሆናል የጠጣሁት» አሉ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ጅብ ማብላቱን ቢያዩ ለዕድሜያቸው ይከብዳቸው ይሆን? ማደሪያስ ጀጎል ውስጥ ይሻላል ወይስ ውጭ?

መልስ፦ ከ«የጀጎል ልጅ»

ማደሪያን በተመለከተ ልቤ ጌ ጋር ቢልም ለአባትዎ አልመክርም። መደቦቹ ከፍታ አላቸው፣ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፣ መጸዳጃውም ብዙ ጊዜ በግቢው በኩል ነው። ከግንቡ ውጭ ሆቴል ይያዙ፤ ውኃ አልፎ አልፎ ስለሚቋረጥ ግን ሆቴሉ ማጠራቀሚያ እንዳለው ሳይጠይቁ አይክፈሉ። ጌ ጋሩን ጠዋት ለቁርስ ይሂዱበት።

ጅቡ የሚበላው ከግንቡ ውጭ፣ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በፈላና በርና በሰንጋ በር በኩል የታወቁ አብሊዎች አሉ። ባጃጁ እስከ ቦታው ስለሚያደርስ አባትዎ ሳይወርዱ ማየት ይችላሉ። ሥጋውን በእንጨት አንጠልጥሎ ማብላት ለወጣት ነው።

መልስ፦ ከ«የታሪክ መምህር»

እኔ በዚህ ላይ ጥቂት እለያለሁ። ጅቡን በመኪና መብራት ከብቦ ፎቶ ማንሳቱ ለእንግዳ የተዘጋጀ ትርዒት ሆኗል። የሐረርንና የጅቡን እውነተኛ ዝምድና ማየት ለሚፈልግ፣ በግንቡ ሥር ያሉትንና ወራባ ኑዱል የሚባሉትን የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች ቀን ላይ ማየት ይበልጣል። ጅቡ ሌሊት በእነዚያ ገብቶ የከተማውን ቆሻሻ አጽድቶ ይወጣል፤ በዓሹራ ቀን ደግሞ ሐረሮች ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ያቀርቡለትና አበላሉን አይተው ስለ መጪው ዓመት ይገምታሉ። ይህን በቀን ብርሃን የሚያስረዳችሁ አስጎብኚ ከያዛችሁ፣ የማታውን ብትተዉትም አይቆጫችሁም።

መልስ፦ ከ«የጀጎል ልጅ»

መምህር፣ ትርዒት ነው ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን አባቴም አያቴም ያዩት ትርዒት ነውና ይዩት! አስጎብኚን በተመለከተ ግን እንስማማለን። ለመጀመሪያው ጠዋት ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይያዙ፣ መታወቂያውን ይመልከቱ፣ ክፍያው ለስንት ሰዓት እንደሆነና የመግቢያ ዋጋን እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር አስቀድመው ይነጋገሩ። ሁለተኛውን ቀን ብቻችሁን ተጓዙ፤ ብትጠፉም ቁልቁል የወረደ መንገድ ሁሉ መጨረሻው ግንቡ ነው።

ከጉዞ በኋላ፦ ከ«ተጓዧ»

ደርሰን ተመለስን። ስትሄዱ እንድታውቁት፦ ምክራችሁን ዘንግተን ዓርብ ቀትር ላይ ሙዚየም ደጅ ቆመን ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ተሳካ። ባጃጅ ወደ ግድር መጋላ ጠባብ መተላለፊያዎች ስለማይገባ ለአባቴ ከዘራ መያዛችን በጀ። አባቴ ድሮ ይቀመጡበት የነበረውን ጠጅ ቤት ሊያገኙት አልቻሉም፤ ቦታው ይሄ ነው ብለው ባሳዩኝ ሥፍራ አሁን የጨርቅ ሱቅ አለ። ሱቁ ውስጥ ያሉ አንድ አዛውንት ግን የጠጅ ቤቱን ስም ሳንነግራቸው ጠሩት፤ ሁለቱም ከምሳ እስከ 11 ሰዓት እዚያው ሲያወሩ ስለዋሉ ጅቡም ቢራውም ለማግሥቱ ተላለፈ።