የነባር ቤቶች እድሳት ፈቃድ፦ ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባው ረቂቅ (ደሴ)

ጸሐፊ፦
የነባር ቤቶች ማኅበራችን ረቂቅ ይኸውና። ባለፈው ስብሰባ የተጮኸውን ሳይሆን የተስማማንበትን ነው የጻፍኩት። አንደኛ፣ የእድሳት ጥያቄ በአንድ መስኮት ይግባ፤ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ ይብቃ። ሁለተኛ፣ ሥራው በሦስት ይከፈል። የሚያፈስ ቆርቆሮ መለወጥ፣ የረገፈ ምርጊት መምረግ፣ የተሰበረ መስኮት መጠገን በማሳወቅ ብቻ ይሠራ። ከመንገድ የሚታየውን ገጽታ የሚለውጥ በባለሙያ ታይቶ ይፈቀድ። ማፍረስና ፎቅ መጨመር በኮሚቴ ይወሰን፤ ኮሚቴው ላይ ከባለቤቶች ሁለት ሰው ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ መልሱ በ30 ቀን ይሰጠን፤ ከተከለከልን ምክንያቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ይግባኝ የት እንደሚባልም ይነገረን። አራተኛ፣ ከመንገድ የሚታዩ በሮችና መስኮቶች እንደ ጥንቱ አረንጓዴ ይቀቡ። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ። ሰኔ ሳይገባ ካላስገባን ዘንድሮም ባልዲ ስንደረድር መክረማችን ነው።

የአራዳው ባለ ሱቅ፦
አረንጓዴ ማን አለ? የእኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ ሰማያዊ ነው።

የሆጤዋ መምህርት፦
ከቀለሙ በፊት ሕጉን እንይ። አዋጅ 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ማግኘት አለበት ይላል። በኋላ የመጣው 839/2006 ደግሞ ቅርሱን የአገርና የክልል ብሎ ለይቶታል። ቅርስ ሆኖ ያልተመዘገበ ቤት ግን የሚገዛው በሕንፃ አዋጁ ነው። በዚያ አዋጅ ፊት የሙጋድ ሰፈር ነባር ሰገነትና ትናንት የተሠራ ብሎኬት ቤት እኩል ናቸው፤ የሕንፃ ሹሙ የሚጠይቀው ፕላን ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ ማኅበሩ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ቤቶቻችን ይመዝገቡ ወይስ አይመዝገቡ የሚለውን ነው። ከተመዘገቡ ከተማው ብቻውን «በ30 ቀን እፈቅዳለሁ» ብሎ ቃል ሊገባልን አይችልም፤ ክልሉም አብሮ መፈረም አለበት። ይህ በረቂቁ ውስጥ የለም።

የአራዳው ባለ ሱቅ፦
እሺ መምህርት፣ ይመዝገቡ። በምን ቀለም?

ኪራይ ቤት (ቧንቧ ውሃ)፦
ስለ እኛ ማን ያስባል? አዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ከወረሰ ወዲህ በየመንደሩ ስንት ነባር ቤት የቀበሌ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አከራዬም ፈቃድ ሰጪዬም መንግሥት ነው። ግድግዳዬ ሊወድቅ ደርሷል ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ባመለክት «ባለቤቱ ያመልክት» ተባልኩ። ረቂቁ «ባለቤት» ባለበት ሁሉ «ባለይዞታና ተከራይ» ይጨመርበት።

ሐጂ (ሸዋ በር)፦
እኔ መመዝገቡን እፈራለሁ። ላሊበላ ላይ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ቅርስ ነው ተብሎ ተነሥቷል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ዛሬ ታሪካዊ ቤት ነው ብለው ያሞግሱናል፣ ነገ ለጎብኚ ይመቻል ብለው ያስነሡናል።

የሆጤዋ መምህርት፦
ሐጂ፣ የላሊበላው ሌላ ነው። እዚያ የተጠበቁት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ መኖሪያው በዙሪያቸው ስለነበር ተነሣ። ቅርሱ ራሱ መኖሪያ ሲሆን ሐረር ጀጎልን ይመልከቱ። በ2006 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ ሰው ግን ይኸው በግንቡ ውስጥ ወልዶ እየከበደ ነው። ደግሞም አንድን ሰፈር በሙሉ ከልሎ ማወጅ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሥልጣን ነው። ከታወጀ ያለ ፈቃድ መሥራትም መቆፈርም አይቻልም። እኛ እዚያ አልደረስንም። ፍርሃትዎ ግን ተገቢ ነው፤ «ምዝገባው ነዋሪውን ለማስነሣት ምክንያት አይሆንም» የሚል አንቀጽ ይግባ።

ሐጂ (ሸዋ በር)፦
ይግባ። በደማቁ ይጻፍ።

ኢንጂነሩ፦
የቤቶቹን ካርታና ፎቶግራፍ እኔ አዘጋጃለሁ። እስከ እሑድ ስጡኝ። ሰነዶቹንም አንድ ላይ ልያዛቸው፣ እንዳይበታተኑ።

ሙጋድ ባለ ሰገነት፦
አብሽር ኢንጂነር፣ ዱዓችን ከአንተ ጋር ነው። የቀለሙን ነገር ግን እኔ ልገላግላችሁ። ዛሬ ጠዋት የሰገነቴን መስኮት በምላጭ ፋቅሁት። ላዩ ግራጫ ነው፣ ለበዓል እኔው የቀባሁት። ከሥሩ ክሬም፣ ከክሬሙ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አረንጓዴ አለ። ከዚያ በኋላ ባዶ የዝግባ እንጨት ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ጥያቄው የየትኛው ዘመን የሚለው ነው።

የአራዳው ባለ ሱቅ፦
ሰማያዊው ከላይ ከሆነ የቅርቡ እሱ ነው። ሰው የሚያስታውሰውም እሱን ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አረንጓዴውን ማን እንደቀባው የታወቀ ነው። በ1928 የገባው ጣሊያን ነው። የእሱን ቀለም «እንደ ጥንቱ» ብለን የምንመልሰው ምን ቸግሮን ነው? በአረንጓዴ የሚሟገት ሁሉ የባንዳ ናፍቆት አለበት።

ጸሐፊ፦
የማን አባት ነው ባንዳ? ቀጥለህ ጻፍ እንጂ። ቤቱን አያቴ ከነቀለሙ የገዙት በገንዘባቸው ነው። ደግሞስ አረንጓዴ ቀለም ከሮም ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው? የአያቶቻችንን ስም እያነሣን የምንሰዳደብ ከሆነ ረቂቁን አንተ ጻፈው፣ እኔ እጄን አንሥቻለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
አንተን አላልኩም።

ጸሐፊ፦
አረንጓዴን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ማንን ነው ያልከው?

ሐጂ (ሸዋ በር)፦
ተዉ ልጆች። እኛን ከአይጠየፍ አዳራሽ ጋር ማን አስተካከለን? ያ የንጉሥ ሚካኤል ነው። የእኛ ጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ካልተጠገነ በሁለት ክረምት ምርጊቱ ታጥቦ ይሄዳል። የወደቀ ቤት መስኮት ቀለም አይጠየቅም።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ ጸሐፊ፣ ቃሌ ከብዶ ከሆነ አፉ በሉኝ። ግን ሰማያዊ ይሁን።

ጸሐፊ፦
አፉ ብያለሁ። ሰማያዊ ግን አይሆንም።

ሙጋድ ባለ ሰገነት፦
ሁለቱንም እንጻፍ። «አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ»።

የአራዳው ባለ ሱቅ፦
ሁለቱም ከተፈቀደ ደንቡ ምኑን ደንብ ሆነ? ነገ አንዱ መጥቶ ሮዝ ይቀባል። ደሞ ዝም ካልን አዲስ አበባ ላይ እንደሰማነው ሁሉንም ግራጫ ቀቡ ብለው ይመጣሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እኛ አንድ ቀለም ይዘን መቅረብ አለብን።

ሒሳብ ያዥ፦
የመረጣችሁትን ምረጡ፣ ግን የሚከፍለው ማን ነው? ቀለሙን ደንብ ካደረግነው የማይቀባ ሰው ደንብ ተላላፊ ሆነ ማለት ነው። ከማኅበራችን ኮሚቴ አባላት ሦስቱ የዚህን ዓመት መዋጮ አልከፈሉም፤ ባለ ሁለት ፎቅ ሰገነት የሚቀቡት በምን ገንዘብ ነው? የቀለሙን ወጪ ከተማው ይሸፍንልን የሚል ይጨመር። መምህርት ያነሣሽው የቅርስ አዋጅም ባለቤቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት መንግሥት ሊረዳ ይችላል የሚል ነገር አለው፣ አይደል?

የሆጤዋ መምህርት፦
አለው፣ ለጥገናና ለእድሳት። «ሊረዳ ይችላል» እና «ይረዳል» ግን ይለያያሉ። ያም ቢሆን ለተመዘገበ ቅርስ ነው። አሁንም ወደ ምዝገባው ተመለስን፣ እሱን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የአራዳው ባለ ሱቅ፦
የቀለሙ ድጋፍ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለዋጋም ቢሆን ሰማያዊው ይሻላል።

ኪራይ ቤት (ቧንቧ ውሃ)፦
«ተከራይ» የሚለው ገባ?

ሙጋድ ባለ ሰገነት፦
አንድ ነገር ላንሣ። ቀለም እየለመንን በዚያው ደብዳቤ ላይ «በ30 ቀን መልሱልን፣ ምክንያት ጻፉልን፣ ይግባኝ አሳዩን» ማለት አይከብድም? ለልመና የሄደ ሰው ሰዓት አይቆጥርም። ሦስተኛውን ለጊዜው ብናቆየውስ?

ሒሳብ ያዥ፦
እስማማለሁ። አናስቀይማቸው።

የሆጤዋ መምህርት፦
ይህን ማኅበር ያቋቋምነው እኮ ለሦስተኛው ስንል ነው! ቆርቆሮ ለመለወጥ ሁለት ክረምት ፈቃድ የጠበቀው ሰው ማን ነበር? ከእናንተው አንዱ ነው። አሁን ደግሞ ለአንድ ጣሳ ቀለም ብላችሁ ይግባኙን ልታወጡት ነው።

ሐጂ (ሸዋ በር)፦
እኔ ነኝ የጠበቅሁት። መምህርት እውነቷን ነው።

ጸሐፊ፦
ብዙኃኑ ያለውን ነው የምጽፈው። ኢንጂነር፣ ካርታው የት ደረሰ? እሑድ ካለፈ ቆየ።

ጸሐፊ፦
ኢንጂነር?

የጦሳ ልጅ፦
ኢንጂነሩ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ወርዷል። ስልኩም አይነሣም። ካርታውን እኔ ልሞክር ብል የመንደሩን ግማሽ አላውቀውም።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ካርታ የለም። የተሻሻለው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ለነባር ቤቶች የቀለም ድጋፍ ይደረግልን። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ በየመንደሩ ስምምነት ይመረጥ። ሦስተኛ፣ የአንድ መስኮት አሠራሩ ወደፊት ይታሰብበት። አራተኛ፣ ነዋሪው እንዳይነሣ። የሥራው በሦስት መከፈል ረዝሟል ስለተባለ አባሪ ይሆናል። አባሪው ካርታውም ነበረበት፣ ስለዚህ አብሮ ይቆያል።

ኪራይ ቤት (ቧንቧ ውሃ)፦
ተከራይ?

ጸሐፊ፦
አራተኛው ላይ «ነዋሪ» ብያለሁ፣ ያጠቃልላል።

ኪራይ ቤት (ቧንቧ ውሃ)፦
እንዳልነሣ ያጠቃልላል። ግድግዳዬን እንዳላስጠግን ግን አያጠቃልልም?

የሆጤዋ መምህርት፦
ስሜ ከፈራሚዎቹ ይውጣ። የመጀመሪያውን ረቂቅ በራሴ ስም አስገባዋለሁ። ከእኔ ጋር የሚፈርም ካለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ይምጣ።

ሐጂ (ሸዋ በር)፦
እመጣለሁ። ቆርቆሮውን ግን ከዚያ በፊት እለውጠዋለሁ፤ ምስማሩ ተገዝቷል።

ኪራይ ቤት (ቧንቧ ውሃ)፦
እኔም እመጣለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
በግል ከሆነ በማኅበሩ ማኅተም አይሆንም፣ እንዳንጣላ።

ጸሐፊ፦
የእኛውም በማኅተም አልሆነም። ማኅተሙ ከሰነዶቹ ጋር ኢንጂነሩ ቦርሳ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ኮምቦልቻ የሚወርድ አለ?