ብረት ለበስ ላንድክሩዘር 79፦ የፊት ፍሬን ሸራ ቶሎ ያልቃል፣ የሾፌር በር ወርዷል፣ መስታወቱ ደመና ይዟል

አዳማ ጋራዥ (ጠያቂ)

ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው ለፈጥኖ ደራሽ ሥራ የሚውል ላንድክሩዘር 79 ነው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ ኤቢኤስ የለውም፣ ፊቱ ዲስክ ኋላው ታምቡር። ብረቱን የለበሰው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው፣ ጥይት የመቋቋም ደረጃው ቢ6። ባዶውን 3,900 ኪሎ ይመዝናል፤ 6 ሰው ከነትጥቁ ሲሳፈር 4,500 ይደርሳል። ጠንከር ያለ የኋላ ባሌስትራ ከተቀየረለት ወዲህ የፊት ፍሬን ሸራ 7,000 ኪሎሜትር አይሞላም፤ የኋላው ግን ምንም አልተነካም። ከኢተያ ወደ ዴራ ሲወርድ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የሾፌሩ በር 8 ሚሊሜትር ወርዷል፤ ላሜራ ሠሪው ማጠፊያውን ነቅዬ ብረቱ ላይ ልበይደው ይላል። የፊት መስታወቱም ጠርዙ ላይ ነጭ ደመና ጀምሮታል። ከየቱ ልጀምር?

ፍሬንና ሻንሲ

ከፍሬኑ ጀምር፤ ሌላው ሁለት ሳምንት ቢቆይ ሰው አይገድልም።

ምክንያቱ ባሌስትራው ሳይሆን አይቀርም። በኋላ አክሰልና በሻንሲው መካከል በዘንግ የታሰረች የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ አለች። ሻንሲው ዝቅ ሲል ጭነት አለ ብላ ለኋላ ፍሬን ግፊት ትለቃለች፣ ከፍ ሲል ባዶ ነው ብላ ትቀንሳለች። ጠንካራ ባሌስትራ ገብቶ ኋላው ከፍ ሲል፣ 4.5 ቶን ተጭኖም ቢሆን ቫልቯ መኪናው ባዶ ይመስላታል። ያን ጊዜ የማቆሙን ሥራ ከሞላ ጎደል የፊቱ ብቻውን ይሠራዋል። የአንተ ኋላ ሸራ አለመነካቱ ይህንኑ ነው የሚናገረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፊትና የኋላ አክሰሉን ለየብቻ አስመዝን፤ ጠቅላላው ብቻ አይበቃህም። ከዚያ አንድ የግፊት መለኪያ ፊት ካሊፐር ላይ፣ አንድ ኋላ ጎማው ላይ በአየር ማስወጫው በኩል ግጠምና ፔዳሉን እየረገጥክ ሁለቱን አነጻጽር። በጥገና መጽሐፉ ላይ ለኋላ አክሰሉ ክብደት የተሰጠውን ግፊት እስክታገኝ የዘንጓን ርዝመት በዳዶዋ አስተካክል። ቫልቯን አውጥቶ ቱቦውን ቀጥታ የሚያገናኝ አለ፤ አታድርገው። ዝናብ ላይ መኪናው ባዶውን ሲሆን የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ይቆለፉና ኋላው ዞሮ ፊት ይመጣል።

ታምቡሩንም ክፈተው። የአዳማ ንፋስ የሚያነሳው አቧራ ሸራውን በራሱ የሚያስጠጋውን ጥርስ ስለሚያደርቀው፣ ግፊቱን ብታስተካክልም ሸራው ታምቡሩን አይነካም። አጽዳው፣ የፍሬን ቅባት በስሱ ቀባው፣ በእጅ አዙረህ በትንሹ እስኪፈገፍግ አስጠጋው።

ስለ ፔዳሉ፦ ለስልሶ ወደ ታች ከሄደ የፈላው ፍሬን ዘይቱ ነው። ፔዳሉ ደርቆ መኪናው አልቆም ካለ ግን የጋለው ሸራው ነው። ሁለቱን አትቀላቅል፣ መፍትሔያቸው ይለያያል። ያንተ የመጀመሪያው ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ዶት 4 አድርግ፣ እንዲህ ላለ ክብደት በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ቀይር። አየር ስታስወጣ ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምረህ ወደ ቅርቡ ና፤ ቫልቯም የራሷ ማስወጫ ካላት አትርሳት።

ለሾፌሩ ደግሞ ይህን ንገረው። 4,300 ኪሎ የያዘ መኪና 100 ሜትር ቁልቁል በወረደ ቁጥር 4.2 ሚሊዮን ጁል ሙቀት መሄጃ ይፈልጋል፤ 13 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ነው። ሞተሩ ያልያዘው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር 3ኛ ወይም 2ኛ ማርሽ ይግባ፤ መሀል ላይ ሆኖ ማርሽ መፈለግ ዋጋ የለውም። ዲስኩንም ለካው፣ የመጨረሻው ቀጭን ልክ ራሱ ላይ ተጽፏል።

ላሜራ 500

እባክህ ብየዳውን አስቁመው። ብረቱ 500 ብሪኔል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ጥንካሬ ካለው ዓይነት ከሆነ፣ ጥንካሬው የመጣው በእሳት ግሎ በድንገት በመቀዝቀዙ ነው። እንደገና ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ያለው ብረት ጥይት የመመለስ አቅሙን ያጣል። ከላይ ቀለም ስለሚቀባ ማንም አያየውም። በተለመደው የብየዳ ዘንግ ከተበየደ ደግሞ ሲቀዘቅዝ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይሰነጠቃል። መበየድ የግድ በሆነበት ቦታ 307 የሚባለው የማይዝግ ብረት ዘንግ ነው የሚያስፈልገው፤ ዘንጉ ደረቅ ይሁን፣ 3 ሴንቲሜትር በይደህ እጅ እስኪያስነካ ጠብቅ።

ግን በሩ የወረደው በማጠፊያው ብቻ ላይሆን ይችላል። 6 ሚሊሜትር ብረት በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ ደግሞ 40 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው በካሬ 90 ኪሎ ይደርሳል። ከፋብሪካው በር ጋር ስትደምረው አንዱ በር 100 ኪሎ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በሩን 30 ሴንቲሜትር ከፍተህ፣ ክሪክ ላይ እንጨት አድርገህ ከሥሩ ቀስ ብለህ አንሳው፤ አንድ ሰው ማጠፊያውን ይመልከት። ፒኑ ብቻ ከተነቃነቀ ቡሹን ቀይር። ማጠፊያው የታሰረበት ምሰሶ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ግን ቀለሙን ፍቀህ ስንጥቅ ፈልግ።

ከውስጥ በኩል የበሩን ክፍተት የሚደርበው ብረትም ከበሩ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ ከላይ ክፍተት ይቀራል። በወፍራም ጎሚኒ ከመድፈን በሩን ወደ ቦታው መልስ። መኪናው ቁልቁል ቆሞ በሩን ለቀቅ ማድረግም ማቆሚያውን ይሰብራል።

መስታወት ቤት

ደመናው በመስታወቱና በውስጠኛው ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) መካከል ያለው ማጣበቂያ መልቀቁ ነው። ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ከመስታወት 7 እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ሲጓተቱ ጠርዙ ይለቃል። ሙጫ በመርፌ አይገባለትም። ጠርዙ ላይ ብቻ ካለ የደመናውን ዳር በማርከር አስምርና ቀኑን ጻፍ፣ በየወሩ እይ። ወደ ሾፌሩ ዕይታ ከገባ ወይም አረፋ ካበጀ ይቀየር፤ ሲታዘዝ ጥጉ ላይ የተጻፈውን ደረጃ በፎቶ ላክ።

እስከዚያው ጥላ ሥር ይቁም። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋ፣ የኤሲውን ንፋስም መጀመሪያ ወደ መስታወቱ አታዙር። የውስጡን ገጽ በቤንዚን፣ በአሴቶን ወይም አሞኒያ ባለው የመስታወት ማጽጃ የሚጠርግ ሰው ያበላሸዋል፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ጎሚስታ

ስለ ጎማ ማንም አላነሳም። ኋላ አክሰሉ 2,600 ኪሎ ከመጣ በአንድ ጎማ 1,300 ነው፤ ጎማው ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር 116 ከሆነ የሚችለው 1,250 ብቻ ነው። 121 ያለበትን ፈልግ፣ እሱ 1,450 ይችላል። ቸርኬውም ይህን መሸከም አለበት። ጎማው ተንፍሶም የሚያስኬድ ቀለበት ውስጡ ካለው፣ ጎማው በተፈታ ቁጥር የቀለበቱን ቡሎኖች በቶርክ ቁልፍ አጥብቅ፤ ቀለበቱ ላልቶ ከዞረ ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል፣ መሪም ያንቀጠቅጣል።

ፍሬንና ሻንሲ

ጎሚስታ ትክክል ነው። አንድ ልጨምር፦ ቤርካት የሚባለው የአሜሪካ ፖሊስ ብረት ለበስ መኪና በፎርድ ኤፍ 550 ሻንሲ ላይ የሚሠራው በዚሁ በክብደት ምክንያት ነው፤ ሻንሲው ከመነሻው ለ8 ቶን ግድም ታስቦ የወጣ ነው። የ79 የፋብሪካ ልክ ግን 3.3 ቶን አካባቢ ነው፣ ያንተን ሰሌዳው ላይ አንብብ። ስለዚህ የፊት ጎማ ኩሽኔታዎችን በየ20,000 ኪሎሜትሩ ፍታና አዲስ ግሪስ ሙላ፤ ስትመልሳቸው ጫናቸውን በሚዛን እየለካህ እሰር፣ በግምት አይሆንም።