ጓንት አልለብስም ያለ የሁለት ዓመት ልጅ፤ የደረሰባችሁ ምን አደረጋችሁ?

የአቡሽ እናት፣ ሚኒያፖሊስ፦

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ጠዋት ጠዋት ሊያሳብደኝ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ነው። ቡትስ ጫማውን ያደርጋል። ኮፍያውንም ያደርጋል፤ እንዲያውም አድርጌው ካልተኛሁ ብሎ ያለቅሳል። ጓንት ሲባል ግን ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።

ላለብሰው ስል እጁን ጭብጥ ያደርጋል። አውራ ጣቱ ቦታው አይገባም። እንደ ምንም አስገብቼ ወደ ሌላኛው እጁ ስዞር የመጀመሪያውን በጥርሱ ጎትቶ አውልቆታል። አንዱ ሊፍት ውስጥ ይወድቃል፣ ሌላው ፓርኪንጉ ላይ። አሁን ቤታችን ካለው ጓንት ጓደኛ ያለው የለም። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ዳይኖሰር ያለበት።

የደይኬሩ (የሕፃናት ማቆያው) ሰዎችም ተናግረውኛል። እነሱ ጋ ጓንትና የስኖው (የበረዶ) ሱሪ የሌለው ልጅ ውጪ አይወጣም። እሱ ካልወጣ ደግሞ አንዷ አስተማሪ ለእሱ ስትል ውስጥ መቅረት አለባት። በፈገግታ ነው የነገሩኝ፤ ገብቶኛል።

በዚህ ላይ አማቴ አሉ። የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርድን ያውቁታል። በቪዲዮ ስንደውል ከሰላምታው በፊት የሚያዩት የልጁን እጅ ነው። «ምነው ልጄ፣ ይህን ሕፃን ብርድ ልታስመቺው ነው?» እማዬ ቤት ውስጥ እኮ ነን፣ ሂተሩ በርቷል ብላቸው ማን ሰምቶኝ። እኔ ደግሞ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ስለ ብርድ አፌን ሞልቼ የምከራከርበት ወኔ የለኝም።

ካርቱን ያለበት ገዛሁ፣ አልሆነም። በከረሜላ ደለልኩት፤ ከረሜላውን ለመያዝ ጓንቱን አወለቀ። በጸጉር ላስቲክ አንጓው ላይ ልሰረው ብል ባለቤቴ ተቆጣኝ። እና ጥያቄዬ፦ እያለቀሰም ቢሆን ላስገድደው ወይስ ልተወው? ከቤት እስከ መኪና ላለችው መንገድስ ይህን ያህል መጨነቅ አለብኝ?

እትዬ ደይኬር፣ ሴንት ፖል፦

የኔ እናት፣ አይዞሽ። ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ላስቲኩን እርሺው። ደም በደንብ የማይደርሰው ጣት ቶሎ ይቀዘቅዛል።

እኔ ቤቴ ውስጥ ልጆች እይዛለሁ። ዊንተር ሲገባ የሥራዬ ግማሹ ማልበስና ማውለቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ዓለምን የሚያውቀው በእጁ ነው። ጓንት ስታደርጊበት ዓይኑን በጨርቅ እንደ ሸፈንሽበት ቁጠሪው። ቁልፍ መጫን፣ በር መግፋት፣ ስኖው መንካት ይፈልጋል። ስለዚህ አልብሰሽው «በል እንሂድ» ብቻ አትበይው፤ በጓንት የሚሠራ ሥራ ስጪው። የሊፍቱን ቁልፍ እሱ ይጫን። ትንሽ አካፋ ይያዝ። የመኪናውን ጎን ስኖው ይጥረግልሽ። እኔ ጋ አንድ ልጅ አለ፣ ደረጃው ላይ አሸዋ የምትበትነው አንተ ነህ ከተባለ ጓንቱን ራሱ ፈልጎ ያመጣዋል።

ሌላው፣ ተራውን ቀይሪው። ሰው ሁሉ ጃኬት አልብሶ ሲያበቃ ነው ጓንት የሚያነሳው። አንቺ ተገላቢጦሹን አድርጊ። ወደ ክርኑ የሚጠጋ ረጅም ጓንት ግዢለት፤ መጀመሪያ እሱን አልብሺና ጃኬቱን ከላይ ደርቢ። የጃኬቱ እጅጌ ይይዘዋል፣ በጥርሱ ቢጎትትም እንደ ልቡ አይወጣለትም። ለአውራ ጣቱ እኔ «ጎበዝ በለኝ!» ነው የምላቸው። አውራ ጣቱን ሲያቆምልኝ ሹልክ አደርገዋለሁ።

አምስት ጣት ያለውን ለዚህ ዕድሜ አትግዢ። ለማልበስም መከራ ነው፣ ጣቶቹም ለየብቻ ሲሆኑ ቶሎ ይቀዘቅዛሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ይሞቃቃሉ። በአንገቱ ዞሮ በገመድ የሚንጠለጠለውንም ተይው፤ ሸርተቴ ላይ ተይዞ ሊያንቀው ይችላል። በአጭር ክሊፕ ከእጅጌው ጋር የሚያያዝ አለ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ከበር እስከ መኪና ሁለት ደቂቃ ከሆነ አትታገዪው። እጁን እጅሽ ውስጥ ይዘሽ ሂጂ። ግን ንፋሱን እያየሽ። ዜሮ ፋራናይት ላይ በሰዓት 15 ማይል ንፋስ ካለ የሚሰማው ብርድ −19 ነው፣ በሴልሺየስ −28 ገደማ። እንዲህ ሲሆን የተገለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ከእኛ ቶሎ ሙቀቱን ያጣል። መኪናው አልነሳ ቢልሽስ? እንዲህ ባለ ቀን ምርጫ አትስጪው። ያልቅስ፣ ይለብሳል።

የሁለት ጎረምሳ አባት፣ ካልጋሪ፦

እኔ አጭር ነው የማወራው። ካልሲ። የባለቤትሽን ረጅም የሱፍ ካልሲ እስከ ክርኑ በላይ አልብሺው፣ ጃኬቱን ከላይ ደርቢ። አውራ ጣት ፍለጋ የለ፣ ክርክር የለ። የእኔ ትንሹ ዓይንና አፍ በእስክሪብቶ ከሳልንለት በኋላ ከካልሲው ጋር እያወራ ነበር መኪና ውስጥ የሚገባው። ስኖው ላይ ለመጫወት አይሆንም፣ ወዲያው ይረጥባል። ባለቤቴ መጀመሪያ «ሰው ምን ይለናል?» ትል ነበር። በ−30 ማንም ቆሞ አያይሽም፣ አታስቢ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

እህቴ፣ በአማትሽ አትፍረጂ። እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ። ሂተር የሚባል ነገር ደግሞ ቤታችን የለም። እናንተ ከብርድ ሸሽታችሁ ቤት ትገባላችሁ፤ እኛ ጋ ብርዱም አብሮን ይገባል። እጁን የሚያዩት ለዚህ ነው።

ደግሞ ጓንት ጓንት የምትሉት ምን ሆናችሁ ነው? አንቀልባ ረሳችሁ? አዝለሽው ከላይ ሰፊ ጃኬት ወይ ጋቢ ብትደርቢበት እጁ አንቺው ጀርባ ላይ ይሞቃል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከብዷል እንዳትይኝ። እናቴ እኔን ከዚያ በላይ ሆኜ አዝላኝ ገበያ ትወጣ ነበር። ቤት ስትገቡ ደግሞ እጁን እሳት ዳር አሙቂለት፣ ያልቃል።

ነርሷ፣ ስቶክሆልም፦

የአንቀልባው ሐሳብ ደስ ይላል። የእሳቱን ነገር ግን ላርም፣ ይቅር በይኝ እህቴ። እጁ ቀልቶ ከቀዘቀዘ አትደንግጪ፤ ቤት ገብቶ ይሞቃል። የጣቱ ጫፍ ነጭ ወይ ግራጫ ሆኖ ከጠነከረና ስትነኪው ካልተሰማው ግን ውርጭ መትቶታል። ያን ጊዜ እሳትም ሂተርም አይሆንም፤ የደነዘዘ ቆዳ እየተቃጠለ እንኳ አይታወቀውም። ማሸትም የለም። በስኖው ማሸት የሚሉ አሉ፣ እሱ ጭራሽ ይጎዳዋል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆዪለት፣ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ። ሐኪም ጋም ደውዪ።

እዚህ ሀገር መዋዕለ ሕፃናት ልጆቹን ዊንተርም ቢሆን በየቀኑ ነው ውጪ የሚያወጧቸው። ሕፃናቱን ጋሪ ውስጥ አስተኝተው ደጅ ያቆሟቸዋል። መጀመሪያ ሳየው ፖሊስ ልጠራ ምንም አልቀረኝም። ከብርዱ ይልቅ የሚፈሩት እርጥበት ነው። የጥጥ ጓንት ከረጠበ ዋጋ የለውም። ከውስጥ ቀጭን ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ያደርጉላቸዋል። ብዙዎቹ ሙቅ አየር የሚነፋ የልብስ ማድረቂያ ቁም ሳጥን አላቸው። አንቺም ማታ ማታ አድርቂለት። የትናንቱን እርጥብ ጓንት ማለዳ ብታለብሺው እኔም እምቢ እላለሁ።

እትዬ፣ ማስገደዱ ላይ ግን አልስማማም። ብርዱ መለስ ባለ ቀን ባዶ እጁን ይውጣ። ጓንቱን ኪስሽ ያዢ። ሲቀዘቅዘው እጁን ዘርግቶ ይመጣል። የእኔ ልጅ የለመደው እንደዚያ ነው።

እትዬ ደይኬር፣ ሴንት ፖል፦

ልጄ፣ ዜሮ ሴልሺየስ ላይ ይሁን፣ እቀበልሻለሁ። የሚኒሶታ ጃንዋሪ ግን ለትምህርት አይመችም። ጨዋታ የያዘ ልጅ ጣቱ እስኪደነዝዝ አይናገርም፣ ስንቱን አይቻለሁ።

የአቡሽ እናት፣ ሚኒያፖሊስ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ረጅሙን ጓንት ገዝቼ ከጃኬቱ በፊት አለበስኩት። አለቀሰ። ጎተተ። አልወጣም። ከዚያ በጣም ተናዶ የሊፍቱን ቁልፍ ሁሉ ተጫነ፣ በየፎቁ እየቆምን ወረድን። ጎረቤቶቼ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔስ ደስ ብሎኛል።

ካልሲው አልሠራም። «የእግር ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፣ ምን ልበለው? ባለቤቴ ግን ወዶት ለራሱ አድርጎታል፣ ስኖው ሲጠርግ ከጓንቱ ሥር ይለብሰዋል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደግሞ ከፓርኪንጉ እስከ በሩ አዘልኩት። ጀርባዬን እስካሁን ያመኛል፣ እጁ ግን ትኩስ ነበር። ፎቶውን ለአማቴ ላክሁላቸው። ስለ እጁ ምንም አላሉም፤ አሁን «ጉልበቱ ተገልጧል» ነው።

እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ይህን ሁሉ ለብሶ ካርሲቱ (የመኪናው የልጅ መቀመጫ) ውስጥ ሲቀመጥ ቀበቶው አልደርስ አለኝ። ላላ ላድርገው?

እትዬ ደይኬር፣ ሴንት ፖል፦

በፍጹም! ወፍራም ጃኬት ከቀበቶው ሥር አይሁን። ግጭት ሲኖር ጃኬቱ ይሟሽሽና ቀበቶው የላላ ሆኖ ይገኛል፣ ልጁ ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የሚመክረው ይህንኑ ነው። መኪናውን ቀድመሽ አሙቂ። ልጁ ቀጭን ፍሊስ (ለስላሳ ሹራብ) ለብሶ ይቀመጥ፣ ቀበቶውን ደረቱ ላይ አጥብቂ፣ ከዚያ ጃኬቱን ገልብጠሽ ከፊቱ በኩል እጆቹን አስገቢለት። ብርድ ልብስም ይሆናል። የፍሊሱ እጅጌ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ረጅሙን ጓንት እሱ ሥር ታስገቢዋለሽ። ደይኬር ስትደርሱ ጃኬቱን ብቻ ታዞሪለታለሽ፣ ጓንቱን እንደ አዲስ አትታገዪም።